ሜሞሪ የለም የሚለው ኮምፒውተር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ስልክህን ብታነሳ ኖሮ በአፌ እጠይቅህ ነበር። ስደውል ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ስለዚህ ወረቀት አነሳሁ። ሳታነበው ብትጥለው የራስህ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ይህን ካልተናገርኩ አንጀቴ አይርስም።

ነገሩ ያ የጥልፍ ማሽኑ ኮምፒውተር ነው። እማዬ የተማሪዎቹን የደረት ዓርማ ልትጀምር ብታበራው፣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ተግተልትሎ አለፈና ፕሮግራሙ በቂ ሜሞሪ የለም ብሎ ቁጭ አለ። አጥፍታ አበራችው፤ ያው ነው። ማሽኑ ከዚያ ሽማግሌ ኮምፒውተር በቀር ከማንም ጋር እንደማይነጋገር መቼም ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ያለ እሱ መርፌ የተሰካበት ብረት ነው።

አባዬ ገብቶ አየና፣ “ሆን ብሎ አበላሽቶት ነው የሄደው” አለ።

አዲስ ኮምፒውተር ይገዛ ስትለው እምቢ ማለቱን፣ አንተም “እንግዲያው ራሳችሁ አሠሩት” ብለህ ሳትሰናበተው መውጣትህን ቆጥሮብህ ነው። እማዬ ልጄ እንዲህ ዓይነት ተንኮል አያውቅም ብላ ተሟገተችልህ። እሱ ወይ ፍንክች። ብረታ ብረት ለሚገዛው ሰውዬ ደውሎ ቅዳሜ መጥተህ ማሽኑንም ኮምፒውተሩንም ውሰድ አለው። እኔን ያንገበገበኝ የማሽኑ መሄድ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ከሄደ በኋላ ምንም ማረጋገጥ አይቻልም፤ አንተም በዚህ ቤት የእናቱን ሥራ ያበላሸ ልጅ ሆነህ ትቀራለህ። ስለዚህ እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት።

ገብቼስ ምን አውቄ! አንተ ለስንት ዘመን ስትሠራበት አንድ ቀን እንኳ ነይ ተቀመጪ፣ ይሄ እንዲህ ነው ብለኸኛል? ያስተማርከኝ ነገር ቢኖር “አትንኪው” የምትለዋን ቃል ነው። ጥገና ቤት ያለውን ልጅ ለምኜ አመጣሁት። ገና ሲያየው ሳቀ። ይሄ ሙዚየም እንጂ ጠጋኝ አይፈልግም አለና የመጣበትን ተቀብሎ ሄደ። ሲስቅ ቻልኩት፤ ሲቀበለኝ ግን ደሜ ፈላ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም። ክዳኑን ፈትቼ የሜሞሪውን ካርዶች አወጣሁና እግራቸውን በላጲስ ፈተግኳቸው። አቧራው አስነጠሰኝ፣ የካርዱ ጠርዝ ጣቴን ቆረጠኝ፣ መልሼ ሳበራው ያው ሜሞሪ የለም። መሳቢያህ ውስጥ ያለውን የአጠቃቀም መጽሐፍ አነበብኩ። ድራይቨር የሚሏቸው ሁለት ትናንሽ ፕሮግራሞች እንዳሉ የገባኝ ከዚያ ነው፤ ሂሜም የሚባለው የተጨማሪውን ሜሞሪ መጋዘን ይከፍታል፣ ኢኤምኤም የሚባለው ደግሞ ገብቶ ለፕሮግራሙ ቦታ ያዘጋጃል። ሂሜም ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከመሳቢያህ ካገኘሁት ፍሎፒ ዲስክ አዲስ ገለበጥኩ። አሁንም የለም። ፋይሉ ዲስኩ ላይ አለ፣ ስሙም ኮምፒውተሩ ሲነሳ መስመር በመስመር በሚያነበው መነሻ ፋይል ውስጥ ተጽፏል፣ በዓይኔ በብረቱ እያየሁት ማሽኑ የለም ይለኛል። እያለ የለም መባል እንዴት እንደሚያበግን ለአንተ ስደውል ለምጄዋለሁ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ነገ ሰውዬው ይመጣል ብዬ እያረርኩ፣ መጽሐፉ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ኤፍ ስምንት የሚለውን ቁልፍ ከተጫንሽ እያንዳንዱን መስመር እያቆመ ይጠይቅሻል ይላል። ተጫንኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ኢኤምኤም ነው። እሺ አልኩት፤ የተጨማሪ ሜሞሪ አስተዳዳሪ የለም ብሎ ጥሎት አለፈ። ቀጥሎ ስለ ሂሜም ጠየቀኝ። እሺ ስለው ምንም ሳያጉረመርም ገባ። ለካ ሁለቱም ደህና ናቸው! ተራቸው ነው የተገለበጠው። መጋዘኑ ሳይከፈት ዕቃ ሊያወጣ የሄደው ቀድሞ ደርሶ በሩ ተዘግቶበት ነው የተመለሰው።

ሁለቱን መስመሮች አቀያየርኩና ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስቼ እማዬንና አባዬን ጠራኋቸው። ፕሮግራሙ ተከፈተ። እማዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። አባዬ መነጽሩን አጥልቆ የድሮውን ተራ አሳዪኝ አለ። አሳየሁት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ይሄንን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ” አለ።

አባታችን እኮ ነው! ዕድሜውን በሙሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካርድ በፊደል ተራ ሲደረድር የኖረ፣ ጡረታ ወጥቶም የእማዬን የክር ሣጥኖች በስም ተራ የደረደረ ሰው። አንተ ከሄድክ በኋላ እኛ ሳንኖር እየገባ መጽሐፍህን ይዞ ይቀመጥ ነበር ለካ። መነሻ ፋይሉን ከፍቶ መስመሮቹ ዝብርቅርቅ ብለው ሲያገኛቸው በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ደረደራቸው፤ ኢ ከኤች ይቀድማል ብሎ። አበላሸሁ ብሎ አልጠረጠረም፤ ለእሱ መደርደር መንካት አይደለም። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ጣቴን እየቆረጥኩ፣ አንተ ደግሞ በሌለህበት እየተወነጀልክ! ጮኼ ልናገረው አፌን ከፈትኩ። ምን ፈልገህ ነው እዚያ የገባኸው ብዬ ብቻ ጠየቅኩት።

“ልጄ የሚያወራው ስለዚህ ማሽን ነው፤ እኔ አይገባኝም ነበር” አለኝ። “ሲመጣ የምናወራው ነገር እንዲኖረን ብዬ ነው።”

እማዬ ዞር ብላ ክር መምረጥ ጀመረች። አባዬ ለብረት ገዢው ደውሎ እንዳትመጣ አለው። ከዚያ ለአንተ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ሥራ ላይ ይሆናል አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እኔ አሁንም ተናድጄብሃለሁ፣ ይህን እወቅልኝ። በእሱም ተናድጃለሁ። ግን ደግሞ ናፍቀኸኛል። ይህ ወረቀት በደረሰህ ቀን አባዬ ሲደውል አንሳ። ይቅርታ አይልህም፤ ታውቀዋለህ፣ ቃሉ አይወጣለትም። ሂሜም ለምን ከኢኤምኤም እንደሚቀድም ይጠይቅሃል። መልሱን ያውቀዋል፣ እኔ አስረድቼዋለሁ። አንተ ግን እንደማያውቅ ቆጥረህ፣ ሳትቸኩል፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ አስረዳው።

ተናድዳ የምትወድህ እህትህ