ወንድሜ የደበቀው ውጤት

ሞጣ፣ ጥቅምት 4/2007፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ግራ ዓይኔ ዛሬም ጭጋግ። መስመር ከሳትሁ ቻለው ደብተር፤ ከሰው የምትሻለው መልስ ስለማትሰጥ ነው። የአዲስ አበባው የምርመራ ውጤት አልመጣም። እዚያ የተነሣሁት የጭንቅላት ፎቶ እጢ አለ አለ፤ ዓይነቱን ግን አልለየም። ከራሱ ከአንጎሉ ከበቀለ ሥር ሰዷል፤ ከሽፋኑ ከሆነ ተቆርጦ ይወጣል። ያንን ይለያል ብለው በዚያው ማሽን ስፔክትሮስኮፒ ጨመሩ፤ የእጢውን ኬሚካል ይለካል። ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ አሁን ናሙናው እኔ። ታናሼ ታደለ ለንግድ ስለሚመላለስ ይቀበላል ተባለ። በደወልሁ ቁጥር፣ ገና ነው ጋሼ።

ጥቅምት 6
ር/መምህሩ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሦስት ዓመት ሰላምታ የነፈገኝ ሰው! ጎረቤት በአዘቦት ቀን ዶሮ ወጥ ላከች። ሰው እንዲህ ደግ የሚሆነው ለሚሞት ነው። ከእኔ በቀር አገሩ ሰምቷል ማለት ነው።

ብቸና፣ ጥቅምት 8
ሳልደውል መጣሁ። ታደለ መጋዘኑ ውስጥ ጤፍ ያስመዝናል። ውጤቱን አምጣ አልሁት። አልመጣም ብሎ ማለ፣ ተገዘተ። ሚስቱ ከጓዳ፦ «ኧረ ስጣቸው! ሳጥኑን እያየህ እስከ መቼ ልታለቅስ ነው?»
ፖስታው ከሳጥኑ ወጣ። እንደታሸገ! የሰጠው ሰው «ቶሎ ይምጡ» ስላለው ሞት ነው ብሎ ቀበረው። «ጋሼ፣ ልብዎ እንዳይሰበር ብዬ።» ለበሽተኛ በሽታው አይነገርማ። ለሞጣ ሕዝብ ግን ይነገራል።
ቀደድሁት። ግራፍ። እጢ ሲያድግ የሚበዛው ኮሊን ተራራ ሠርቷል። ጤነኛ የአንጎል ሴል የሚያሳየው ኤን.ኤ.ኤ. የለም። የሽፋን እጢ ምልክት የሆነው አላኒን አለ። ማጠቃለያ፦ ከሽፋኑ የበቀለ ይመስላል፤ የዓይን ነርቭ እየተጫነ ስለሆነ በአስቸኳይ ይውጣ። የተጻፈው ከስድስት ሳምንት በፊት።

ጥቅምት 9
ለምርመራው ወደ አዲስ አበባ ለላከኝ ለሞጣው ዶ/ር ደወልሁ። ግራፉ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፤ የሚፈርደው ተቆርጦ የሚታየው ሥጋ ነው አለ። ሆኖም ደግ ምልክት ነው። ዓይኔስ? የጠፋው ለመመለሱ ዋስ አልሆንም አለ። ሐቀኛ ሰው። በስድስቱ ሳምንት ይድን ነበር ወይ? «ነገውኑ ይሳፈሩ» አለኝ።
ታደለ በግ አረደ። አልቀመስሁም። ይቅር በለው የሚሉ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተላኩ። ተበዳዩ ዓይኔ ነው፣ እሱን ለምኑት አልኋቸው። አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አማተበ።

ጥቅምት 10፣ ንጋት
የአዲስ አበባ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። ብቻዬን። ታደለ አብሬ ልሂድ፣ ለቀዶ ሕክምናው እኔ ልፈርም አለ፤ እምቢ አልሁ። እዚያ ስደርስ ለሐኪሞቹ የምለውን ቆርጫለሁ፦ ክፉም ይሁን ደግ ለእኔ ንገሩኝ፤ ለዘመድ አንዲት ቃል እንዳትሰጡ።
ታደለ መስኮቱን አንኳኳ። ስንቅ ይዟል። ስንቁን ተቀበልሁ። እጄን ሊስም ሲንጠራራ መስኮቱን ዘጋሁት።