የቅዳሜ ማለዳ ስፖርት በመዝሙር

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የኬሚስትሪ ፈተና ተመለሰ። ከአሥር ሰባት። አቤኒ ከእኔ ገልብጦ ስምንት አገኘ። እንዴት? "የተሳሳትከውን አርሜ ነዋ የገለበጥኩት" አለኝ። ከዚህ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ።

ከትምህርት ቤት ቀጥታ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ፣ እማ ሱቅ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ገበያው ጭቃ በጭቃ። ሳሙና እየደረደርኩ ሳለ ኛዴት መጣች። የእህቴ የእየሩስ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ፣ አሁን የጤና ክበቡ ጸሐፊ። የዚሁ አገር ሰው፣ ኑዌር ናት፣ ግን ጋምቤላ ነው ያደገችው። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው።

"እትዬ ተሻለች፣ እንደምን ዋሉ?"

እማ ሳመቻትና ዕቃ ልፈልግ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ኛዴት በመጣች ቁጥር እማ ዕቃ ትፈልጋለች።

ኛዴት ወረቀት አወጣች። "ማሌሽ ጢሞ፣ ይቅርታ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።"

የዩኒቨርሲቲው የጤና ሳምንት ፕሮግራም ነው። ከጥቅምት 17 ጀምሮ። ደም ልገሳ፣ ነፃ የዓይን ምርመራ፣ ገመድ ጉተታ፣ ስለ ጭንቀት መወያያ... ከታች፦ ቅዳሜ ጥቅምት 22፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል፣ የማለዳ ስፖርት። አሰልጣኝ፣ እየሩስ ዘካርያስ።

የአምናውን ፕሮግራም ወስደው ቀኑን ብቻ ቀይረውታል። ስሟን ሳያዩት ቀሩ። አሁን በግቢው ሁሉ ተለጥፏል።

"ነገ እናነሳዋለን" አለች።

"አታንሱት" አልኳት። ለምን አልኩ? እኔም አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

እየሩስ ከተለየችን አራት ወር ሆነ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የታመመችው። በአራተኛው... ይቅር። ዛሬ ደስ የሚለውን ነው የምጽፈው።

ስፖርቱ እንዲህ ነበር። እኛ ቤት ዘፈን አይከፈትም፣ ጴንጤዎች ነን። ስፖርት ያለ ሙዚቃ ደግሞ አይሆንም። እየሩስ ምን አደረገች? ፈጣን ፈጣኑን መዝሙር ሰበሰበች። በየቅዳሜው ሰባ ተማሪ በአማርኛ መዝሙር ታዘልል ጀመር። ባሪው፣ ዲንካው፣ ኑዌሩ፣ የሱዳን እስላሞች ሳይቀሩ። አንድም ቃል አይገባቸውም። "ሃሌ ሉያ" ሲባል ግን እጅ ወደ ላይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

እማ አትወደውም ነበር።

"በጌታ መዝሙር ቦርጭ ልታጠፉ?"

"እማ፣ ጌታ ቦርጫችንን አይቶ አዝኖ ይሆናል እኮ።"

"አፍሽን ያዢ።"

ልምምዷ እቤት፣ ከእኔ ጋር። እሷ ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፣ እኔ ፊት ለፊቷ። "አንተ ሰባው ሰው ነህ" ትለኛለች። ስሳሳት በእኔ ላይ አትጮህም። "ከኋላ ያላችሁ፣ ንቁ" ነው የምትለው። ከኋላዬ ያለው ፍሪጅ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ኛዴት አባ ስልክ ላይ ደወለች። የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ሚስተር ላዶ የእየሩስን ስም አይተዋል። እስከ ቅዳሜ ጥቅምት 15 አሰልጣኝ ካልተገኘ ሰዓቱ ለገመድ ጉተታ ይሰጣል፣ ለጤና ሳምንቱ ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜው።

"ሰው ሞክረናል" አለች። "አንዱ በራሱ ሙዚቃ አሠራን፣ አልሆነም። ልጆቹ መዝሙሩ የታል እያሉ ሄዱ።"

"እኔ አውቀዋለሁ።"

"ስፖርቱን?"

"ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው" አልኳት።

"ዕድሜህ ስንት ነው አንተ?"

"አሥራ ሰባት ሊሞላኝ ነው።"

"መቼ?"

"መጋቢት።"

ሳቀች። ከሰኔ ወዲህ ስትስቅ መስማቴ የመጀመሪያ ነው። "እሺ ሽማግሌው። የእየሩስን ስፒከር ይዘህ ና። መዝሙሮቹ ያሉት እሱ ላይ በተሰካው ፍላሽ ብቻ ነው።"

ስፒከሩ... ችግሩ እሱ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

የማላውቅ መስዬ ልጻፈው? ለማን ብዬ? ስፒከሩን የደበቀችው እማ ናት። እየሩስ ከመታመሟ ከሳምንት በፊት ጠፋ። ጠየቀቻት። "አላየሁም" አለች እማ፣ ዓይኗን ሽንኩርቱ ላይ አድርጋ።

አሁን እንዴት ልጠይቃት? ስፒከሩ የታለ ማለት፣ ያኔ ዋሽተሻታል ማለት ነው። በዚያ በመጨረሻው ሳምንት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

አልጋ ሥር የለም። ቁም ሳጥን ላይ የለም። የዱቄቱ በርሜል ውስጥ የለም (ሸሚዜ ነጭ ሆነ)። አባ ግቢ ውስጥ የሰው ጄኔሬተር ፈትቶ ተቀምጧል። ከቤት ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ቤት ስመላለስ አየኝ።

"ምን ጠፋህ?"

ነገርኩት። ሁሉንም፣ ቅዳሜውን፣ ላዶን፣ ስፒከሩን። ብሎኑን ሲያጠብቅ ቆየ።

"እኔ የማውቀው ጄኔሬተር ነው" አለ። "እናትህን የማውቃት ግን ከጄኔሬተር በፊት ነው። አትፈልግ። ተዋት።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ተውኳት። ሁለት ቀን ሆነ። ምንም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ደስ ብሎኛል መሰለኝ።

ሱቅ ልንዘጋ ስንል እማ "ና አውርድልኝ" አለችኝ። ላይኛው መደርደሪያ፣ ከኋላ፣ አንድ የሳሙና ካርቶን። ሳሙና እንዳልሆነ ገና ስይዘው አወቅኩ። በነጠላ ተጠቅልሏል።

"አባትህ ነገረኝ" አለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። "እኔ ነኝ የደበቅኩት። ፈተና ደርሶባት ነበር፣ ከዝላዩ ጥናቱ ይቅደም ብዬ። አላየሁም አልኳት። ልጄን... ሲያልቅ እሰጣታለሁ ብዬ እኮ ነው። አላለቀም።"

አራት ወር ሙሉ ይህንን ይዛ ነው ኛዴትን ባየች ቁጥር ጓዳ የምትገባው።

"እማ፣ ታውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"እንደደበቅሽው። ነግራኛለች። 'እማ ናት፣ ተዋት' አለችኝ። 'ፈተናው ሲያልቅ ድንገት አገኘሁት ብላ ታመጣዋለች። ያኔ እኔም በጣም እደነግጣለሁ' አለች። የምትደነግጠውን ድንጋጤ ሳይቀር አሳይታኛለች።"

"እንዴት አድርጋ?"

አሳየኋት። አፌን ከፍቼ፣ ሁለት እጄን ጉንጬ ላይ።

እማ ሳቀች። እንባዋ እየወረደ፣ ግን ሳቀች። ልክ እንደ ድሮው ሆዷን ይዛ። የጎረቤቱ ባለሱቅ ሙኽታር ምን ሆናችሁ ብሎ መጣ። "ስፒከር አገኘን" አለችው። ግራ ገብቶት ስፒከሩን አየ፣ እኛን አየ፣ "መብሩክ"፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብሎን ሄደ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

የሙከራ ቀን። የግቢው ዘበኛ ዩኒፎርሜን አይቶ "ኢታ ጊ ሩዋ ወይን?" አለ። በአረብኛ ወዴት ነው ማለቱ። አሰልጣኝ ነኝ አልኩት። እሱ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ እንደሆነ ነገረኝ። ኛዴት መጥታ አስገባችኝ።

ሚስተር ላዶ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። ብቻዬን አሳየኋቸው፣ አርባውን ደቂቃ። አንድም አልተሳሳትኩም። "ኩዌስ"፣ ጥሩ ነው አሉ። ቀጥለውም፦ "ብቻህን መዝለልና ሰው ማዘለል አንድ አይደለም።" አንድ ነው ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የጤና ሳምንቱ ተጀምሯል። ከአቤኒ ጋር ለዓይን ምርመራ ሄድን። እኔ ደህና ነኝ። አቤኒ መነጽር ያምርብኛል ብሎ ፊደሉን ሁሉ አላይም አለ። ሐኪሟ ሰዓቷን ከሩቅ አሳይታ ስንት ሰዓት ነው አለችው። "ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ" አለ ሳያስብ። ያለ መነጽር ተመለሰ።

ከዛፉ ሥር ስለ ጭንቀት ይወያዩ ነበር። ከኋላ ተቀመጥኩ። አንዷ ተማሪ አባቷ ስለሞተ ስትስቅ እንደምታፍር ተናገረች። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ። ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ጠጥቼ መጣሁ። ደስ አለኝ። ሌላም ሰው ያፍራል ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ከየት ልጀምር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከሰፈራችን ከአትላባራ ወጣን። አባ፣ እማ፣ እኔ፣ ስፒከሩ። እማ "እኔ ዕቃውን ለመጠበቅ ነው" አለች። የቤተ መጻሕፍቱ ሜዳ ላይ ከሰባ በላይ ሰው። ግማሹ የእየሩስ የድሮ ልጆች፣ ግማሹ አዲስ። አቤኒ አንደኛ መስመር ላይ፣ ገና ሳይጀመር እያላበው። ሚስተር ላዶ ወንበር ላይ።

መዝሙሩን ከፈትኩ። ፊቴን ወደ ሰዉ አዙሬ በግራ ጀመርኩ። ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ...

ግጭት። የድሮዎቹ በአንድ በኩል ሄዱ፣ አዲሶቹ በሌላ በኩል። ትከሻ ለትከሻ። አንዷ ጫማዋ ወለቀ። አቤኒ የአንድ ትልቅ የሕግ ተማሪ እቅፍ ውስጥ ገባ። ሳቁ... ላዶ ብድግ አሉ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ግጭት።

ኛዴት ከመሐል፦ "ጢሞ፣ በተቃራኒ ነው። እሷ በቀኝ ነበር የምትጀምረው።"

በቀኝ? በሕይወቴ በቀኝ ጀምሬ አላውቅም። ሁልጊዜ... እና ገባኝ። እሷ በቀኝ ስትጀምር፣ ፊት ለፊቷ የቆምኩት እኔ በግራ ነበር የምከተላት። እኔ የተማርኩት የአሰልጣኙን አይደለም። የሰባውን ሰው ነው። አሁን መገልበጥ ልማር? በአንድ ደቂቃ? ላዶ ወደ ስፒከሩ እየመጡ ነው።

ጀርባዬን ለሰዉ ሰጠሁ።

ከፊቴ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ብቻ። እሷ የምትቆምበት ቦታ ባዶ ነው። በዚያ በኩል እያየሁ ግራ እጄን አነሳሁ፣ እቤት እንደማደርገው። ከኋላዬ ሰባ ግራ እጅ ተነሣ። አላየሁም፣ ግን ሰማሁት። ሰባ ሰው አብሮ ሲያርፍ መሬቱ እግር ሥር ይሰማል። ላዶ ቆሙ። ኛዴት በኋላ ነው የነገረችኝ።

አርባ ደቂቃ ሙሉ ባዶውን ቦታ እያየሁ። ያስፈራኛል ብዬ ነበር። አላስፈራኝም። አንድ ጊዜ እንደውም "ከኋላ ያላችሁ፣ ንቁ" አልኩ፣ ዛሬ በእውነት ከኋላ ሰው አለ።

ሲያልቅ ዞርኩ። እማ ሦስተኛው መስመር ላይ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ታለከልካለች። ቦርሳዋ መሬት ላይ።

"እማ፣ ሠራሽ እንዴ?"

"ስፖርት አልሠራሁም። ሃሌ ሉያ ሲባል እጄን አነሳሁ።"

"እግርሽስ?"

"እሱን ራሱ ጠይቀው።"

ሚስተር ላዶ ገመድ ጎታቾቹ ከሰዓት በኋላ ይሁኑ አሉ፣ የማለዳው ሰዓት በየቅዳሜው ይቀጥላል። ኛዴት ወረቀቷን አውጥታ "የአሰልጣኙን ስም ምን ላድርገው?" አለችኝ።

አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ደረጃ መውረድ አልቻልኩም። ቸርች ስንነሳ እማም እኔም ወንበር ይዘን ተነሣን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ለኛዴት ደወልኩ። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ስሟ እዚያ ከተለጠፈ አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ "እየሩስ የታለች?" ይላል፣ አንድ ሰው በየሳምንቱ ሊነግረው ነው። እሷ ለዚህ አይደለም የጀመረችው።

"የእኔን ጻፊ" አልኳት።

"ሙሉ ስም?"

"ጢሞቴዎስ ዘካርያስ።"

"የአባት ስም ያው ነው፣ ግማሹ አይነካም" አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ዛሬ ስልሳ ሦስት ሰው። አሁንም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማሠራው፣ ለምደውታል። አቤኒ አልመጣም፣ ወገቡን አሞታል።

አንድ ነገር ግን ልጻፍ። ጠዋት እማ በሩን አንኳኳች። "ተነሥ አንተ፣ ሰዎችህ ይጠብቁሃል" አለችኝ። ዘልዬ ተነሣሁ። ጫማ፣ ውሃ፣ ስፒከሩ ቻርጅ አለው? ዝናብ ይመጣ ይሆን? ሁለተኛውን መዝሙር ትንሽ ቀደም አድርጌ ልክፈተው... እንዲህ እያሰብኩ በሩን ከፈትኩ። ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚያደርሰኝ ባለሞተር ሳይክል ቆሞ ይጠብቀኛል። ያኔ ነው እየሩስን ያሰብኳት።

ከሰኔ ወዲህ ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የምትመጣው እሷ ነበረች። ዛሬ በሩ ላይ ደርሼ። ደነገጥኩ። ረሳኋት? ቅር ይላት ይሆን?

ሞተሩ ላይ ሆኜ እስክንደርስ ድረስ አሰብኩት። ቅር አይላትም። ስንደርስ አሥራ ሁለት ተኩል ካለፈ አምስት ደቂቃ ሆኖት ነበር። ብታገኘኝ የምትለኝ አንድ ነገር ነው፦ አርፍደሃል።