ልጅህን እያየሁ አበላዋለሁ

ጌትዬ፣ ውዴ፣

ሳይታሰብ በመጣ ሕመም ካጣሁህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ ዘንድሮም አጥራችንን ነቅንቆታል፤ አንተ ድንጋይ የደረደርክበት ጎን ግን ፍንክች አላለም። አንተ ትነዳት የነበረችውን የዊንጌት ሚኒባስ አሁን የያዘው ሹፌር ክላክስ ይወዳል። ብትሰማው ትናደድ ነበር።

ልጃችን ወንድ ነው። በሆዴ ትተኸው ስለሄድክ ስሙን ለብቻዬ አወጣሁ፤ ናሆም አልኩት። የመጣ ሰው ሁሉ አንተን ቁርጥ ነው አለ። እናትህማ አገላብጠው ሳሙት፣ አለቀሱም። እኔ ግን ጌትዬ፣ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

ሳጠባው ግድግዳ ግድግዳውን አይ ነበር። ገንፎ ሲጀምርም እንደዚያው ሆነ፤ ማንኪያው ወደ አፉ፣ ዓይኔ ወደ በሩ። እኔንም ምግብ አስጠላኝ፣ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ልጅህ ከሳ። አፉን መክፈት ተወ፤ ሲርበው እንኳ አያለቅስም ነበር፣ ከሁሉ ያስፈራኝ ያ ነው። እሱንም ላጣው ነው ብዬ በነጠላ ጠቅልዬው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

እዚያ ምን ያህል እንደከሳ ለማወቅ ክንዱን ለኩት፤ ቀጥለው የኔንም ለኩ። ሲስተሯ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ለቅሶዬ ጠየቀችኝ። የታመመው ልጄ ሆኖ ሳለ ስለኔ መጠየቋ ገረመኝ። ለእሱ የታሸገ የለውዝ ምግብ ሰጠችን፣ ማክሰኞ ማክሰኞም እናቶች አብረው ገንፎ ወደሚያገነፉበት ክፍል እንድንመጣ ነገረችን። እህልና ጥራጥሬው ተመጥኖ የተፈጨ ነው፤ ካሮትና እንቁላል ይገባበታል። እናቶቹም ቁጭ ብለው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ፤ ያልበላች ከተገኘች ወዮላት፣ እየቀለዱባት ያጎርሷታል።

አንድ ማክሰኞ ናሆምን ሳበላ ሲስተሯ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታየኝ ቆየች። ልጁኮ አንቺን እያየ ነው፣ አንቺ የት ነሽ አለችኝ። ያኔ የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት። አባቱን ይመስላል፣ ባየሁት ቁጥር የሞተበት ቀን ይመጣብኛል አልኩ። በቃሽ፣ አታልቅሺ ያለኝ ሰው የለም። ከእናቶቹ አንዷ ማንኪያውን ከእጄ ተቀብላ ያዘችልኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ ዞር ብዬ አየሁት።

ዓይኑ ያንተ ነው፣ አልክድም። ግን ምግብ አፉ ሲገባ ግራ ቅንድቡን ወደ ላይ ይሰቅላል። ያንን አንተ አታደርገውም ነበር፣ እኔም አላደርገውም፤ የራሱ ነው። ሳቅ አመለጠኝ። ስስቅ አይቶ አፉን ከፈተ።

ያን ቀን ገንፎውን አልጨረሰም፤ እየዋለ እያደረ ግን ክንዱ ሞላ። እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል። አሁንም የሚከብደኝ ቀን አለ፣ ሲከብደኝ ሄጄ ለሲስተሯ እነግራታለሁ።

ጌትዬ፣ አልረሳህም። ፎቶህን አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ፤ ስትናፍቀኝ እሱን አይቼ አለቅሳለሁ። ከእንግዲህ ግን ልጁ ፊት ላይ አልፈልግህም። አንተን ማስታወስ የኔ ድርሻ ነው፤ እሱ ይብላልኝ፣ ይደግልኝ።

ያንተው ሰናይት