የዳለቻ ምትክ

ለውድ ወንድሜ ለሙሀይሚን ኑርዬ፤
ባለህበት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? የምትሠራበት እርሻ ሙቀቱ ትንሽ በረደላችሁ? ምግብስ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ሻይ ጠጥተህ ትውላለህ? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ግን ተቀመጪ ብትላት የምትቀመጥ ሰው አይደለችም። አባባም ደህና ናቸው። ታናሿ እህታችን ሒክማ ስምንተኛ ክፍል ገብታ በቁመት በልጣኛለች፤ በምላስማ ድሮም በልጣኝ ነበር። ሐይቃችን አርዲቦም ዘንድሮ ሞልቶ ውሃው እስከ ሽንኩርት ማሳችን ጫፍ ደርሷል።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት ታበላሻለች እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ሞክሬ ነበር እኮ! ስለ ትራክተሩ ስጀምርልህ ትስቅና «ነጅዋ፣ እሱ ጌም ነው፤ አባባን አቅርቢልኝ» ትለኛለህ። ወረቀት ግን አፉን የሚዘጋበት የለም። የጎረቤታችን ልጅ ኢንሳፍ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ እናንተ አገር ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውል፣ አደራህን።

አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ልንገርህ። ስትሄድ ላፕቶፕህ ላይ ትተኸው በሄድከው የእርሻ ጌም ውስጥ ያለውን፣ ያን ጎማው ብቻ ሰው የሚያክለውን ትልቁን ትራክተርህን ሸጬዋለሁ። ለእርሻው «አርዲቦ» ብለህ ስም ያወጣህለት ጊዜ ትራክተሩን ቀድመህ ገዝተህ፣ መሬቱን ኋላ ያሰብክበት ይመስለኛል። በጌሙ የመጀመሪያ ዓመት የአንተ ነውና አልነካውም ብዬ በእሱው ሠራሁ። ማረስስ ያርሳል፣ አልዋሽም፤ ያን ሁሉ ማሳ በአንድ ቀን ገልብጦ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ በረት ውስጥ ይቆማል። ለመዝራት ከበደ፣ መድኃኒት ለመርጨት ቡቃያውን ደፈጠጠ፣ የሣር ጥቅል ለማንሳት ፊቱ ላይ የሚገጠምለት ነገር የለም። በአጥሩ በር ለመግባትም ሦስት ጊዜ ወደኋላ ወደፊት ማለት አለብኝ። እሱ ቆሞ እያየኝ እህሌ ማሳ ላይ ሲቀር በጣም ተናደድኩ። ሸጥኩት። ጌሙ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እርግጠኛ ነኝ አልኩት።

በምትኩ መካከለኛ ትራክተር ገዛሁ። ከፊቱ ማንሻ ይገጠምለታል፤ ከኋላው ማረሻ አውልቀህ መዝሪያ፣ መዝሪያ አውልቀህ ተሳቢ ታስርበታለህ። ከሞተሩ ጉልበት የሚወስድ የሚሽከረከር ዘንግ አለውና የውሃ መሳቢያም፣ የእህል መውቂያም ያንቀሳቅስልሃል። ማታ ወደ በረቱ ስመልሰው እንደ እኔው የደከመ ይመስለኝና ደስ ይለኛል። ቶሎ አልገባኝም እንጂ፣ ስመርጥ መጠየቅ የነበረብኝ ጉልበቱ ስንት ነው ብዬ ሳይሆን ስንቱን ሥራ ይይዛል ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እንደምታውቀው፣ አባባ ሰብሳቢ ለሆኑበት የኩታ ገጠም ቡድናችን አንድ ትራክተር በሊዝ ይደርሳችኋል፣ ዓይነቱን ራሳችሁ ምረጡ ተብለናል። ረመዳን ሳይገባ መፈረም አለበት። አንተ ደውለህ «ትልቁን ያዙ፤ እዚህ የምናርሰው በትልቁ ነው» ካልካቸው ወዲህ አባባ ሌላ ነገር አይሰሙም። እኔ አፌን ስከፍት «ልጄ በዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው፤ አንቺ በላፕቶፑ መስታወት ያየሽውን» ይሉኛል። አንተ ያለህበት መሬት ግን ዓይንህ እስኪደክም ሜዳ ነው። የእኛን መሬት ረሳኸው እንዴ? ግማሽ ጥማድ፣ ከዚያ እርከን፣ ከዚያ የሰው ድንበር፣ ከዚያ ደግሞ ቁልቁለት። ያንን ትልቅ ትራክተር ለማዞር ብቻ የድንበርተኛችንን የሙነወርን ማሽላ ግማሹን መርገጥ ሊኖርብን ነው።

አባባ አንድ ቀን «ያ ጌምሽ ዋልካ አለው? ክረምት ስትገቢበት ጉልበት ይውጣል?» ብለው ጠየቁኝ። የለውም። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ በጌሙ ትራክተሩ ጉድጓድ ሲገባ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ከበረቱ ታገኘዋለህ፤ በእኛ አገር ጉድጓድ የገባ ነገር የቅሬው እድርተኛ ተጠራርቶ ካልጎተተው እዚያው ያድራል። በጌሙ ነዳጅም ከሐይቅ ከተማ በጀሪካን አታመላልስም፤ መለዋወጫም አይጠፋም። ስለዚህ በመስታወት ያየሁት ብቻ አይበቃም ብዬ አባባን ይዤ ውጫሌ ወረድኩ።

እዚያ አያሌው የሚባል ሰው አለ፤ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ በአምባሰል ተዳፋት ላይ በመካከለኛ ትራክተር ሲያርስ ስድስት ዓመቱ ነው። ስንደርስ ጠዋት ያረሰበትን ማረሻ ፈትቶ፣ ተሳቢ ቀጥሎ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ በኩል ድንጋይ ሲያመላልስ አገኘነው። አባባ ጎማውን በዱላቸው መታ መታ አድርገው እንደ ገበያ በሬ ዞረው አዩት። አያሌው ሳቀና «አባቴ፣ ትራክተር ሲመርጡ ጉልበቱን ብቻ አይጠይቁ፤ በዓመት ስንት ቀን ሥራ ፈቶ ይቆማል ብለው ይጠይቁ» አላቸው። እኔንም አረመኝ። በጌሙ የለመድኩትን ሞዴል በስልኬ ባሳየው «ይኼማ ለዋልካ ይቀልላል፤ ጎማው ባለበት ይሽከረከርብሻል። አራቱም ጎማ የሚጎትት ይሁን፣ ከዚህም አንድ ደረጃ ከፍ በይ» አለኝ። ከፍ አልኩ። ግትር ነሽ እንዳትለኝ፣ የሚያውቅ ሰው ሲያርመኝ እሰማለሁ።

ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቅሬው ተሰበሰበ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የቅሬው መሪ ሼህ ሙሐዲን እንድናገር ፈቀዱልኝ። ተነሳሁና «እኔ የምለው፣ ሁለገብ ትራክተር እንምረጥ ነው» አልኩ። ያ አላህ! ሰፈሩ ተገለበጠ። ለእኛ ሰው ሁለገብ ማለት ዘይትና ስኳር የሚከፋፈልበት ማኅበር እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ሙነወር ብድግ ብሎ «ወላሂ አንሰጥም! ገና አገር ሳይገባ ለሁለገብ ልታስረክቢብን ነው? መጋዘን ገብቶ ወረፋ ልንጠብቅ ነው?» ብሎ ጮኸ። አንዱ «ማን ላካት?» ይላል፣ ሌላው «የተማረ ሰው እንዲህ ነው» ይላል። እኔ «እሱን ማለቴ አይደለም» ብል ማን ይሰማኛል። በሬዲዮ የሰማሁት ቃል ነው ጉድ የሠራኝ።

ሼህ ሙሐዲን ዝም አሰኟቸውና «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ በኛ ቋንቋ ንገሪን» አሉኝ። ቆሜ ሳስብ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ «ዳለቻን የመሰለ ትራክተር ማለቴ ነው» አልኩ።

በሬያችንን ዳለቻን የማያውቅ በዚህ ሰፈር የለም። ሌላው በሬ ቀኝ ከለመደ ቀኝ፣ ግራ ከለመደ ግራ ነው፤ ዳለቻ ግን የየትኛውም ሰው በሬ ቢታመም በቀኝም በግራም ተጠምዶ ያርስ ነበር። አውድማ ላይ ሲያስገቡት ይወቃል፤ ከእርከኑ ጥግ ሲደርስ ሳይነግሩት ይዞራል። ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ሙነወር እንኳ «አዪ፣ እሱንስ ማን ይጠላል» ብሎ ተቀመጠ። አባባ ግን ነጠላቸውን አንስተው ወጡ።

ያኔ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት። ሙሀይሚን፣ በቤታችን የዳለቻ ስም ከተጠራ አራት ዓመቱ ነው። ለአንተ የመንገድ ወጪ የተሸጠ ቀን አባባ ገመዱን ይዘው እስከ ሐይቅ ገበያ በእግራቸው ሄደው፣ ሲመለሱ ምሳ አልበላም እንዳሉ አንተም ታስታውሳለህ። ቀንበሩ አሁንም ከጓዳው በር በላይ ተሰቅሏል፤ አቧራውን እማማ ትጠርጋለች፣ አውርዱት ግን አትልም።

ቤት ስደርስ አጥሩ ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። «ያ ያልሽው ውሃ ይስባል?» አሉኝ። ይስባል አልኳቸው። «ይወቃል?» አሉ። ይወቃል። «በቁልቁለቱ ማሳ ጥግ ይዞራል?» አያሌው ሲያዞረው አብረን አይተን የለ እንዴ አልኳቸው። ከዚያ «ታዲያ ሙሀይሚን ለምን ትልቁን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እሱን ራሱን ይጠይቁት አልኳቸው። መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለአንተ እጽፈዋለሁ።

ትልቁን ያልከው ስለ ዳለቻ ነው። በአንተ ምክንያት ከዚህ ቤት የወጣውን ነገር ሰው ሁሉ ከሩቅ በሚያየው ትልቅ ነገር መመለስ ፈልገህ ነው። ወንድሜ፣ ይኼን ስጽፍልህ አለቀስኩ። ነገር ግን አባባ ከዳለቻ በኋላ የጎደላቸው ግዝፈት አይደለም። ዳለቻ ትልቅ በሬ አልነበረም እኮ፤ የሙነወር በሬ በትከሻ ይበልጠው ነበር። የጎደላቸው የጠሩት ቦታ ሁሉ የሚገኝ ነገር ነው። ትልቁ ትራክተር መጥቶ በዓመት ሃያ ቀን አርሶ ሌላውን ቀን ቢቆም፣ አባባ በየማለዳው የቆመ ነገር እያዩ ያንተን ስም ሊያስቡ ነው። ይኼን አልፈልግም። አንተም እንደማትፈልግ አውቃለሁ።

ሌላም አለ፣ አልደብቅህም። ትልቁ ከመጣ ሾፌር ከቡድኑ ውጭ ይቀጠርለታል። መካከለኛው ከመጣ ግን ከቡድኑ ሁለት ሰው ኮምቦልቻ ሠልጥኖ ይነዳዋል፤ አንደኛዋ እኔ ነኝ። ስሜን አስመዝግቤያለሁ። ሙነወር «ሴት ልጅ?» ሲል ሼህ ሙሐዲን «መኪና የምትነዳ ሴት አይተን አልሞትንም፤ ትራክተር ይለያል እንዴ?» አሉት። እናም ይኼን የጻፍኩት ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። ብትፈቅድም ባትፈቅድም የመፈረሚያው ቀን ተነስቼ እናገራለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሁለገብ የሚባል ቃል ከአፌ አይወጣም እንጂ። አባባ ግን «ልጄን ቅር አሰኝቼ አልፈርምም» ብለዋል። እኔ ቅሬውን ሁሉ ባሳምንም እሳቸው የሚጠብቁት የአንተን ድምፅ ነው።

የጌሙ እርሻህ ደህና ነው። ስንዴው ደርሷል፤ ስትመጣ የምትነዳው ነገር አታጣም።

እማማ «አፈር ስሆን ወገቡን በጨርቅ ይሰር» ብላሃለች፤ ዱዓዋን ሌት ተቀን አታቋርጥም። ሒክማ ቁመቷን የምታሳይበት ፎቶ አብራ ልካለች፤ እባክህ አንተም ፎቶ ላክላት፣ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ሼህ ሙሐዲን ሰላምታቸውን አድርሰዋል። ሙነወርም «ሰላም በይልኝ፣ በትራክተሩ ተጣልተን አልቀረንም» ብሏል። አብረውህ ላሉት ልጆች በየስማቸው ሰላም በልልኝ፤ ኢንሳፍንም ደብዳቤውን ስታደርስልህ ሻይ እንኳ ጋብዛት።

አባባ ሰላም ብለውሃል። ሌላ የምጽፈው መልእክት አለዎት ወይ ብላቸው ቀና ብለው ቀንበሩን አዩና «ሲደውል ራሱ ይንገረኝ» አሉ።

ስለዚህ ስትደውል ትልቁ፣ ትንሹ፣ ሞዴሉ፣ ጉልበቱ ብለህ አታስረዳቸው። «አባባ፣ ዳለቻን አምጡት» በላቸው። ይገባቸዋል።

እህትህ ነጅዋ ኑርዬ
አርዲቦ፣ ሐይቅ
የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.