እስከዚያው ላግዝሽ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመውልኛል? እኛ ከናፍቆትዎ ሌላ ያመመን የለም። የስፌት መኪናዬ ብቻ እንደ ባለቤቷ አርጅታ ታስላለች።

የልጄን ነገር ጠይቀውኝ ነበር። ከኮሌጁ እስካሁን ድምፅ የለም። ያቺ የልጄን ደብተር እየተዋሰች ታጠና የነበረችው የሐኪሙ ልጅ ግን ባለፈው ሳምንት «ተቀብለንሻል» የሚል ደብዳቤ ደረሳት። ውጤቷ ከልጄ ውጤት ያንሳል። ለምን እንዲህ እንደሆነ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ «እንኳን ደስ አላችሁ» አልኳቸው። የመሄጃ ቀሚሷን የምሰፋው እኔው ነኝ፤ ምን ይደረግ፣ ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ልብስ ሰፊ የለም።

ልጄ አላለቀሰችም። ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ጋር ከተተችና «እስከዚያው ላግዝሽ» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። የዚያን ቀሚስ ቁልፎች የተከለችው እሷ ናት። ጠርዙንም ሳላሳያት ዘመዘመችው፤ አንድም ቦታ አልተዛነፈባትም። ደንበኞቼ «ተተኪ አገኘሽ!» እያሉ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

እርስዎ ኮሌጅ በገቡ ዓመት እኔም እናታችንን «እስከዚያው ላግዝሽ» ብያት ነበር፤ ትዝ ይልዎታል? መኪናዋ ይህችው ናት።

በሉ እንግዲህ፣ ብርዱን ይጠንቀቁልኝ፤ ልጆቹንም ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ለልጄም ሁለት መስመር ጣል ያድርጉላት፣ ደስ ይላታል። አደራዎን ግን፣ ስፌቷን አያድንቁብኝ።

ታናሽ እህትዎ