ፍሪጅዎን ከመኪናዬ ስላወረድሁበት ጉዳይ

ለተከበሩ የነዳጅና የተሽከርካሪ ድልድል ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት
መርሳ፣ ኅዳር 2015 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የእርስዎ ጤና፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም የተኩስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ከማንም ቀድመው የሚነሡት የእግሮችዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከተረፍነው ጋር አለን።

ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ «የሕዝብን ንብረት ከጠላት አሽሽተው ያተረፉ» ተብለው ካባ ሲደረብልዎ ከኋላ ቆሜ እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። በማግሥቱ ደግሞ «የግዳጅ ተሽከርካሪ ሰርቃ የተሰወረች» የተባለች ሴት በጽሕፈት ቤትዎ እንድትቀርብ መጥሪያ መጣ፤ ሴትዮዋ እኔ ነኝ። ካባውም መጥሪያውም ስለ አንዲት መኪና መሆናቸውን በአዳራሹ የነበረው ሰው አላወቀ ይሆናል። ስለዚህ መልሴን በቢሮዎ በር ሥር ከማሾልክ ይልቅ በገበያው መግቢያ መለጠፌን እንደ ድፍረት ሳይሆን እንደ አክብሮት ይቁጠሩልኝ፤ የእርስዎን ያህል ውለታ የዋለን ሰው በዝግ በር ማመስገን ነውር ነውና።

እኔ ዘይነባ፣ የጨርቅ ነጋዴው የአብዱልጀሊል ሚስት የነበርሁ፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ሱቁንም መኪናዋንም ብቻዬን የያዝሁ ነኝ። መኪናዋን ያውቋታል። ጀርመን ሠራሽ ስቴሽን ናት፤ ኮፈኗ ላይ ያለው ምልክት ትልልቅ ሰዎች የሚሄዱባቸው መኪኖች ላይ ያለው ራሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቤት ልጆች ሁሉ ድሃዋ እሷ ናት፤ ሞተሯ ትንሽ፣ ወንበሯ ተራ ጨርቅ፣ የኋላ መስኮቷ በእጅ የሚዞር። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የመረጣት ኋላዋ ረጅም ስለሆነ፣ ጣቃ ጨርቅ ሳይታጠፍ ስለሚጋደምበትና ናፍጣ ስለምትቆጥብ ነበር። «ስሟ የጌታ፣ ሆዷ የደርዊሽ» ይላት ነበር።

በ2013 ነሐሴ ከተማችን በትግራይ ታጣቂዎች ስትያዝ እርስዎ አልነበሩምና መኪናዋ እንዴት እንደተረፈች ላስረዳዎ። ጎረቤቴ ካሕሱ መካኒክ ነው። አባቱ በወጣትነታቸው ከትግራይ መጥተው እዚሁ መርሳ ቤት ሠርተው፣ ልጅ ወልደው፣ እዚሁ የተቀበሩ ሰው ናቸው። ታጣቂዎቹ በየግቢው መግባት ሲጀምሩ ካሕሱ የመኪናዬን የናፍጣ ፓምፕ ፈትቶ ከፍየሎቼ ጋጣ ሥር ቀበረው። ሊወስዷት መጥተው አልነሣ ስትላቸው በትግርኛ ጠየቁት፤ እሱም በትግርኛ «ሞተሯ ሞቷል፣ አትድከሙ» ብሎ መለሰላቸው። ቢነቁበት ኖሮ ምን እንደሚከተል እሱም እኔም እናውቅ ነበር። ለእኔ መኪና ብሎ፣ በአባቱ ቋንቋ፣ ጠመንጃ ፊት ቆሞ ዋሸ።

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ስትለቀቅ አምቡላንሷ ተወስዳለች፣ ጤና ጣቢያው አልጋ እንኳ አልቀረውም። ካሕሱ ፓምፑን ከጋጣው አውጥቶ ገጠመልኝ። ከዚያ ወዲህ ከግራና ከተማ የታመመው፣ ከውርጌሳ ምጥ የያዛት፣ ጣቃ ይጋደምበት በነበረው ቦታ ላይ እየተጋደመ ወልድያ ይሄድ ጀመር። ናፍጣውን የታማሚው ቤተሰብ በሃይላንድ እየያዘ ይመጣል፤ እኔ እነዳለሁ፤ ስመለስ ደሙን በሳሙና አጥባለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ኮሚቴዎ ናፍጣ ማደል ሲጀምር መኪናዬን በአካል ወጥተው ስለጎበኙልኝ አመሰግናለሁ። ኮፈኗን በቀለበትዎ መታ መታ አደረጉና «ዘይነባ፣ በዚህች የሚሄድ ሰው ናፍጣ ቸገረኝ ሲል አያፍርም?» አሉኝ። «ክቡር ሆይ፣ ይህች የቤቱ ገረድ ናት እንጂ እመቤቷ አይደለችም፤ የእርስዎ ፒካፕ የሚጠጣውን ግማሹን አትጠጣም» ብዬ መለስሁ። «ምልክቱ ይበቃኛል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የቅንጦት» ተብላ ከአሸዋ ጫኙም ኋላ እንድትሰለፍ ሆነ፤ ተራዋም ደርሶ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ በነሐሴ 2014 ስላደረጉልን መስተንግዶ አመሰግናለሁ። ቆቦ ላይ ተኩሱ እንደገና ተከፍቶ ሰው ከነፍራሹ ወደ ደቡብ መጉረፍ በጀመረበት ጠዋት የካሕሱን ሚስት ሰገንን ምጥ ያዛትና ጤና ጣቢያ አደረስናት። ብዙ ዓመት የጠበቁት የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር። አዋላጇ አበበች ስትመረምራት ቆይታ ወጣችና «ልጁ ተጋድሟል፤ በእኔ እጅ አይሆንም። ወልድያ ወደ ተኩሱ ነው፤ ደሴ ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን» አለችን። እኔና ካሕሱ መኪናዋ ውስጥ በነበረችው ጭላጭ ግቢዎ ድረስ ናፍጣ ልንለምን መጣን። በርሜሎቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረው ነበር።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለጎረቤቴ ለሰገን። ምጥ ላይ ናት።»

ካሕሱን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «የእናንተ ሰዎች እየመጡ አይደል? መኪናውንም ናፍጣውንም እነሱ ይዘውላችሁ ይምጡ።»

ካሕሱ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዘ። «ጌታዬ፣ እኔ እዚሁ የተወለድሁ ነኝ። ልጄም እዚሁ ይወለድ ነበር፤ አልሆነልንም እንጂ» አለ።

ያን ጊዜ ዓይንዎ በመኪናዬ ላይ ዐረፈ። «ይህች ለአስቸኳይ ግዳጅ ትፈለጋለች፤ ቁልፉን አምጪ» አሉ፤ ሳመነታ ጠባቂዎ ከእጄ ነጠቀኝ። ተአምሩንም ያኔ አየሁ፤ ለቅንጦት መኪና የማይሆነው ናፍጣ እስኪፈስ ድረስ ተሞላላት።

ሦስተኛ፦ ግዳጁ ምን እንደሆነ በዓይኔ እንዳይ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ግዳጁ ፍራሽዎ ነበር፤ ቴሌቪዥንዎም ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያ ነጭ ፍሪጅ ነበር፤ ሰው በሚተኛበት ቦታ ላይ እንደ ታማሚ በጥንቃቄ አስተኙት። ለሹፌርዎ «ወደ ደሴ» ሲሉት ሰምቼ ጉልበትዎ ላይ ወደቅሁ። «ሰገንም ደሴ ነው የምትሄደው። ፍሪጁ ይውረድና እሷ ትተኛበት። መኪናዋ የእርስዎ ትሁን፤ ሁለተኛ አልጠይቅዎትም፤ ወላሂ» አልሁዎ።

«ቦታ የለም» አሉኝና መስኮቱን ዘጉት። በእጅ የሚዞር መስኮት ስለሆነ ለመዝጋት ጊዜ ይወስዳል፤ እስኪያልቅ ድረስ ፊት ለፊት ተያይተናል። መኪናዋ በጤና ጣቢያው በር ስታልፍ ሰገን የሞተሯን ድምፅ ለይታ «ዘይነባ መጣችልኝ» እያለች ከተኛችበት ልትነሣ እንደሞከረች አበበች ኋላ ነገረችኝ።

ለሚቀጥለው ቁጥር አልሰጠውም፤ ምስጋና አይመስልምና።

የባጃጅ ነጂው አያሌው ተጠርቶ ሳይሆን ሰምቶ መጣ። ሰገን በዚያች ጠባብ ወንበር ላይ ልትጋደም አልቻለችም፤ ካሕሱ ከኋላ አቅፎ ደገፋት፣ እኔ እግሮቿን በጭኔ ላይ ያዝሁ። መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቶ ስለነበር አያሌው አንገቱን አውጥቶ «ወላድ ናት፣ ወላድ ናት፣ አሳልፉን» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። ውርጌሳ ስንደርስ ባጃጁ ከዚያ በላይ ያለውን ዳገት እንደማይወጣ ታወቀ። ከሐራ ተፈናቃዮችን የጫነ አንድ አይሱዙ ቆመልን። ከላይ የነበሩት ሴቶች ያሸሹትን የሽንኩርት ጆንያ ወደ መንገድ እየወረወሩ ቦታ አደረጉላት፤ ክረምቱን ሊበሉት ያሰቡት ሽንኩርት ነበር። አንዷ እንኳ የማን ወገን ናት ብላ አልጠየቀችም። አንዲት ባልቴት «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አላህ ያቀለዋል» እያሉ እስከ ደሴ ድረስ ግንባሯን ሲጠርጉ ሄዱ።

ሐኪሙ ሰገንን አተረፋት፤ ሴት ልጇን አላተረፋትም። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ…» ብሎ ጀመረና ፊታችንን አይቶ ተወው። ሕፃኗን በእኔ ሻሽ ጠቀለልናት። ሰገን ገና አልነቃችም፤ ካሕሱና እኔ ወስደን እዚያው ደሴ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቀበርናት።

ከዚያ ስንመለስ መኪናዬን አየኋት። ከአንድ ሆቴል በር ላይ ቆማለች፤ ፍሪጁ ገና አልወረደም። እርስዎ ውስጥ ምሳ ላይ ነዎት አሉኝ። ሁለተኛው ቁልፍ ከቦርሳዬ ተለይቶኝ አያውቅም። ካሕሱን «አግዘኝ» አልሁት። ቆመና «ዘይነባ፣ አንቺን ሌባ ይሉሻል፤ እኔን ግን የሚሉኝን ታውቂዋለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱን ከመንገዱ ማዶ አቁሜ ሁለት ተሸካሚዎች ጠራሁ። ፍሪጅዎን፣ ቴሌቪዥንዎን፣ ፍራሽዎን በእግረኛ መንገዱ ላይ በሥርዓት ደረደርናቸው። ማካፋት ስለጀመረ ሸራ አልብሻቸዋለሁ፤ የእርስዎ ንብረት ሲበሰብስ ማየት አልወድም። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቼ ካሕሱን ከማዶ ጭኜ ወደ ሆስፒታሉ ሄድሁ።

ሰገን ከሆስፒታል ስትወጣ በቦታዋ ላይ ተኝታ ይዘናት ተመለስን። ጡቷ ሞልቶ መንገዱን ሁሉ ልብሷን ያርሰው ነበር። ልቀይርላት ስል «ተይው» አለችኝ። የሞሉልን ናፍጣ እስከ መርሳ በቅቶ ተርፏል፤ ስለ እሱም አመሰግናለሁ። ስንደርስ ሱቆች ክፍት ናቸው፣ ወፍጮው ይፈጫል። ጠላት መርሳ አልገባም። ስለዚህ ያ ፍሪጅ ከማን እጅ እንደተረፈ አዳራሹ ውስጥ ካጨበጨብነው መካከል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

በመጥሪያው ላይ ለተጠየቅሁት መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ ወስጃታለሁ። የወሰድሁት የራሴን ነው፤ ይቅርታም አልጠይቅም። በተባለው ቀን እቀርባለሁ፤ አበበችና አያሌው ያዩትን ሊናገሩ ከእኔ ጋር ይመጣሉ። ካሕሱ ግን አይመጣም። እርስዎ ፊት ዳግመኛ ባርኔጣውን እንዲያወልቅ አልፈቅድለትም።

የተሸለሙት ካባ እንዲሞቅዎ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ዕንቅልፍዎም እንደ ዕቃዎ በሰላም ተሸሽቶ እንዲቆይልዎ እየተመኘሁ፣ ለሥልጣንዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮትና ለእርስዎ ካለኝ ከዚያም ከፍ ካለ ንቀት ጋር፣

ዘይነባ፣ የጨርቅ ነጋዴ
መርሳ

በተረፈ፦ ለስብሰባ ደሴ እንደሚመላለሱ እሰማለሁ። ካሕሱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ የልጃቸውን መቃብር አላየም፤ ሰገንማ ፈጽሞ አላየችውም፤ መንገዱን ገና አልቻለችውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር፣ ድንጋይ ያልተደረገባት ትንሽ ጉብታ ናት። ሲያልፉ ጎራ ይበሉና ለአፍታ ይቁሙላት። ስም ሳይወጣላት ስለሞተች ከየትኛው ወገን እንደሆነች ከስሟ ማወቅ አይችሉም፤ ያለ ሥጋት ሊያዝኑላት ይችላሉ።