ስለ አንድ ፋይል የተሰገደ

እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2003

ደባርቅ ነበርኩ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ያስወገደውን ኮምፒውተር ለእማዬ ወሰድኩላት። አሮጌ ስለሆነ ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሲስተም ጫንኩበት። የአባዬንም ድምፅ አስገባሁ... ከማረፉ በፊት በስልኬ የቀዳሁት፣ አራት ደቂቃ። ከእሱ የቀረን ይኸው ነው። የእማዬ ጆሮ ስለደከመ ድምፅ የሚያጎላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፣ የድምፁ ፋይል ሲነካ ፕሮግራሙን የሚያስነሳ ማስጀመሪያም ሠራሁለት። ትእዛዙን ከነፋይሉ ስም በእጄ ጽፌ ስሞክረው ሠራ።

«ይቺን ሁለቴ ጠቅ ነው እማዬ።»

መብራት ሄደ። ሳትሞክረው መኪና እንዳያመልጠኝ ወጣሁ። ነገ ዳባት ክፍል አለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ደወልኩላት። «አባዬን ሰማሽው?»

«ተወው ልጄ... ደኅና ነኝ።»

ምን ማለቷ ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

አምስት ሳምንት ሳልሄድ! ከዳባት ደባርቅ ሩቅ ሆኖ?

ኮምፒውተሩ በነጠላ ተሸፍኗል። እማዬ ከስታለች፣ ጉልበቷ አብጧል። ጠየቅኳት፤ «ተወው» አለች። የነገረችኝ ጎረቤታችን ጥሩዬ ናት።

«ገና ብትነካው ባዶ ሆነባት። የባሌን የካሴን ድምፅ አጠፋሁት ብላ ለንስሐ አባቷ ለአባ ሀብተ ሚካኤል ተናዘዘች። ‹ሳታውቂ ነው፣ ይቅር› ቢሏት እንቢ አለች። አርባ ቀን ስግደት ለምና ተቀበለች።»

የአባዬን ድምፅ ፋይል ሁለቴ ጠቅ አደረግኩ። መስኮቱ ተከፈተ... ባዶ። ፕሮግራሙ ተነስቷል፣ የትኛውን ፋይል እንደሚከፍት ግን የነገረው የለም። በማስጀመሪያው የትእዛዝ መስመር መጨረሻ %f አልጻፍኩም። የተነካው ፋይል ስም የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬዋለሁ! አፈርኩ።

ጨመርኩት። እማዬን ጠርቼ ራሷ እንድትነካው አደረግኩ።

«ደብሪቱ፣ አለሽ?» አለ አባዬ።

«አለሁ» አለችው። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔም።

እሑድ፣ ኅዳር 12

«በቃ፣ ስግደቱን ተዪው። ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

«የተቀበልኩትን ሳልጨርስ? ሰባት ቀን ቀርቶኛል።»

«ያልሠራሽውን ኃጢአት?»

«አንተ ከሠራኸውማ የማን ሊሆን ነው?»

ቅዳሜና እሑድ ስለማይሰገድ ጉልበቷን ቅባት አሸሁላት።

ሰኞ፣ ኅዳር 13

ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅኩ። ጠዋት ስትነሳ ተነሳሁ። ምንጣፉ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። የዕለቱን አርባ አንድ ሰገድን። ከሠላሳው በኋላ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ ከልጅነቴ ወዲህ ሰግጄ አላውቅም። መጨረሻ ላይ ግንባሬን መሬት እንዳስነካሁ ቀረሁ። በዚያ ባበጠ ጉልበቷ ቀድማኝ ተነስታ፣ ክንዴን ይዛ አነሳችኝ።